«በልተናል» ያላልንበት የፍልሰታ መንገድ

ልጆቹ ናቸው ያስጻፉኝ። እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ከበው ይይዙኝና «እምዬ፣ ያንን ከሰናይት ጋር የሄድሽበትን ንገሪን» ይላሉ። ስነግራቸው ደግሞ እርስ በርስ ይጣላሉ። አንዱ «ባለፈው መኪናው የተቀበረው ሰኞ ነው ብለሽ ነበር» ይላል፤ ሌላዋ «ማክሰኞ ነው» ትላለች። እንግዲያው በወረቀት ይቀመጥና ተገላገሉኝ ብዬ ተነሣሁ። ሰኞ ነው የተቀበረው።

የትምህርት ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም። ባለቤቴ መሪጌታው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለቆሎ ተማሪዎቹ ፊደል ሲያስቆጥር እኔ ከግድግዳው ወዲህ ስፌት እየሰፋሁ ቆጠርኩ። እነሱ የግእዝ ግስ ሲያወርዱም አብሬ ወረድኩ። ስለዚህ ጽሕፈቴ ቢንጋደድባችሁ ግድግዳውን ውቀሱ። ደግሞም ይህን የምጽፈው ከወግዲ ወጥታችሁ አቀስታን እንኳ ላላያችሁት ነው። ላየማ ምን ይነገረዋል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰናይት የልጄ የአበቡ ልጅ ናት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ውጤቱ አልመጣላትም። አበቡ ታዲያ ቆረጠች፤ «ፍልሰታ ሲፈታ አረብ አገር ትሄዳለች፤ ፓስፖርቷም ወጥቷል» አለች። እኔ አንዷን ልጄን በዚያ መንገድ ሸኝቼ ድምፅዋን በስልክ ብቻ የማውቅ ሰው ነኝ። ሰናይት ግን ሌላ ነገር ይዛለች። መንገድ የሚሠሩት ቻይኖች መካነ ሰላም አጠገብ ሰፍረው ሳሉ ወጥ ቤታቸው ውስጥ ዕቃ ታጥብ ነበር። እዚያ አንድ ሁለት እያለች ቋንቋቸውን ለቀመች፤ የቀረውን ከስልኳ ላይ እየገለበጠች አንድ ደብተር ሞላች። እና በዚያ ሰሞን ኮምቦልቻ ያሉት ቻይኖች ልጆችን በቃል ፈትነው ያለፉትን ሊያስተምሩ፣ አስተርጓሚ ሊያደርጉ ነው የሚል ወሬ መጣ።

«ብቻዋን አትሄድም» አለች አበቡ። «ካላለፈች ደግሞ ከዚያ ወዲያ ሌላ ቃል እንዳልሰማ።»

«እኔ እወስዳታለሁ» አልኳት። የእኔ እግር እንደሆነ ቤት አይወድም። ግሸንን በእግሬ ሄጃለሁ፣ ላሊበላንም ሄጃለሁ። በሶዬን በከረጢት፣ ጋቢዬን በትከሻዬ አደረግሁና ወጣን።

ሰኞ

ከወግዲ የተነሣነው ጤፍ በጫነ አይሱዙ ነው። ሾፌሩ እኔን አክብሮ ጋቢና አስገባን። ነሐሴ ነው፤ መንገዱ ገንፎ ሆኗል።

«እማማ፣ በዚህ ጭቃ ወዴት ነው? ለግሸን ገና ነው እኮ» አለኝ።

«ኮምቦልቻ ነው ልጄ። ይቺን ልጅ ቻይኖች ሊፈትኗት ነው።»

«ኧረ! እንግዲህ እርስዎም በሁለት እንጨት መብላት ሊለምዱ ነዋ!»

«እኔ በአምስት ጣቴም ጠግቤ አላውቅ» አልኩት። መሪውን እስኪስት ሳቀ።

ሰናይት ግን አትስቅም። ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። «ምኑ ነው ያስቸገረሽ?» ብላት፣ «ያለቀ ነገር መናገር» አለች። «ፈተናው ላይ ያደረጋችሁትን ተናገሩ ነው የሚሉት። ቃሉ አይለወጥም፣ እምዬ። በላሁ፣ በላሽ፣ በላ፣ በሉ፤ ሁሉም ያው ‹ች› ነው። ነገሩ ካለቀ ከኋላው አንዲት ‹ለ› ትጨመራለች። ችለ።»

«ማን እንደበላ በምን ይታወቃል ታዲያ?»

«ሰውየውን ከፊት ትጠሪዋለሽ። ዎ ችለ፣ እኔ በላሁ። ኒ ችለ፣ አንቺ በላሽ። ጥያቄ ከሆነ ‹ማ› ትጨምሪያለሽ። ችለ ማ? በላሽ ወይ?»

መሪጌታው ግስ ሲያስወርድ ያለቀው ቃል ነው የሚቀድመው። «ቀተለ ብሂል ገደለ» ይላል፤ ይቀትልና ይቅትል ተከትለው ይወለዳሉ። ቀዳማይ ነው ስሙ፣ የፊተኛው አባት እንደ ማለት ነው፤ ልጆቹም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መልክ አላቸው። የሰው ቋንቋ ሁሉ እንዲህ የሚዋለድ ይመስለኝ ነበር። እነዚህ ግን ቃላቸውን እንደ ድንጋይ አቁመው አንዲት ቋጠሮ ብቻ ያስሩለታል! ስፌት ሲያልቅ ጫፉ ላይ እንደምቋጥራት ያለች ቋጠሮ። ይኼን ያህል ሕዝብ በዚህች ቋጠሮ ተግባብቶ ይኖራል። እግዚአብሔር ስንቱን አፍ ፈጠረው!

«ያልሆነውስ?» አልኳት።

«ከፊት ‹መይ› ይመጣል፣ ‹ለ› ትወድቃለች። መይ ች፣ አልበላሁም። ጀማሪ ሁሉ ‹ለ›ን መጣል እየረሳ ይሳሳታል ይላል ስልኩ።»

«ምኑ ይረሳል! ስፌቱ ሳያልቅ ማን ይቋጥራል?»

ሰናይት ቀና ብላ አየችኝ። «እምዬ፣ አንቺ ብትፈተኚ ይሻል ነበር» አለች።

ይህን እያወራን መኪናው በቀኝ ጎማው ሰመጠ። ወርዳችሁ ግፉ ተባለ፤ ሁሉም ወረደ። ወንዶቹ ይገፋሉ፣ ሴቶቹ ድንጋይ እናቀብላለን። ሰናይት ደብተሯን በጉያዋ ሸጉጣ ድንጋይ ስታነሣ ቦዩ ውስጥ ጠብ አለባት። ጎርፉ ይዞት ሄደ። ጭቃ ለጭቃ ሮጣ ያዘችው፤ ግን ምን ዋጋ አለው? ቅጠል ከቅጠል ተጣብቆ ጎመን መስሏል። አላለቀሰችም። እኔ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

መካነ ሰላም ስንገባ አሥር ሰዓት ሆኖ ነበር። ገበያው ዳር ካለ በረንዳ ዝናቡን ልናሳልፍ ተጠጋን፤ የልብስ ሰፊ በረንዳ ነው። ሰውየው ጋሼ ተፈራ ይባላል፣ ጉንጩ የጎደጎደ፣ መነጽሩን በክር ያሰረ። ሰናይት ደብተሩን ለመግለጥ ስትታገል ከስፌት መኪናው በላይ አሻግሮ አያትና፦

«ተይ! ተይ አትቅደጂው! ምንድን ነው እሱ?»

«የቻይና ቋንቋ ነው።»

«የጎርፍ ቋንቋ ነው የሚመስለው» አለ። ከዚያ የሰው ሱሪ እየተኮሰ የነበረበትን የከሰል ካውያ አነሣ፤ በምራቁ ሙቀቱን ለካ፤ ከሰሉን ቀነሰ። ደብተሩን ተቀብሎ በመርፌ ጫፍ ቅጠሉን ከቅጠሉ እየለየ፣ ላዩ ላይ ስስ ነጠላ እያለበሰ፣ አንድ በአንድ ተኮሰው። ሱሪው የማን እንደሆነ እንጃ፣ ባለቤቱ መጥቶ ቆመ፤ ጋሼ ተፈራ «ያንተ ሱሪ አይፈተንም፣ ጠብቅ» አለው። ሰውየውም ቁጭ ብሎ ጠበቀ።

አንዳንዱ ቅጠል ጠርዙ ጠቆረ፤ ጽሕፈቱ ግን ይነበባል። አንድ ገጽ ብቻ ቀለሙ ታጥቦ ነጭ ሆነ። የትኛው ነው ብላት፣ «ያልሆነ ነገር የሚነገርበት» አለች።

«ያንንስ እኔ ይዤዋለሁ» አልኳት። «ከፊት መይ ይመጣል፣ ቋጠሮዋ ትወድቃለች። መይ ች።» የመሪጌታ ሚስት ነኝ፤ ጆሮ ከገባ አይታጠብም።

ጋሼ ተፈራ ለድካሙ ምንም አልፈልግም አለ፤ አንድ ቃል ብቻ አስተምሪኝ አላት። «ዞው ለ፣ ሄዱ ማለት ነው» አለችው። እዚያው ከተማ አድረን በማግስቱ ጠዋት በሚኒባስ ስናልፍ ከበረንዳው ብድግ ብሎ «ዞው ለ! ዞው ለ!» እያለ ሜትሩን አውለበለበ። ገበያተኛው ሁሉ ምን ነካው ብሎ ዞሮ አየው።

ማክሰኞ

ከመካነ ሰላም ወደ አቀስታ ስትወጡ አገሩ ይለወጣል። የእኛን ወግዲ ብርድ ነው ትላላችሁ፤ ለጋምቦን ሳታዩ ነው። ዛፍ ያንሳል፣ ሰማዩ ይቀርባል፣ ገብሱ ከዳር እስከ ዳር ይተኛል ይነሣል። ደመናው ከእኛ በታች ነበር። እውነቴን ነው፤ በመስኮት ወደ ታች አየሁት። ኪዳን ላይ «ሰማያትን እንደ መጋረጃ» ሲባል እየሰማሁ ኖሬ፣ መጋረጃውን ከላይ ማየት ለኔ ለወግዲዋ አሮጊት! አፌን በነጠላዬ ያዝኩት።

ሰናይት ደብተሯ ላይ ናት። «ይኼን ስሚ» አለችኝ። «ነገ ደሴ ዳው ለ፣ ች። ዳው መድረስ ነው። ነገ ደሴ ደርሰን እንበላለን።»

«ቆይ» አልኳት። «ነገ ብለሽ ‹ለ› አደረግሽበት። ያልመጣ ቀን እንዴት ይቋጠራል? ባለቤቱ እግዚአብሔር ሳይፈቅድ?»

«አንዱ ከሌላው ቀድሞ የሚያልቅ ከሆነ ነገም ቢሆን ‹ለ› ይገባዋል። ትናንት ማለት አይደለም እኮ ‹ለ›። አለቀ ማለት ነው። እኛስ ‹ነገ በልተን እንሄዳለን› እንል የለ? ‹በልተን› ስንል ትናንት ነው?»

ዕድሜዬን ሙሉ ስለው የኖርኩትን ነገር ያን ቀን ሰማሁት። እውነትም በልተን፣ ደርሰን፣ አርፈን እያልን ያልመጣውን ቀን እንቋጥራለን። ሰው ሌላ አገር ሳይሄድ የራሱን ደጅ አያየውም ለካ። «ኢንሻላህ በይበት ብቻ» አልኳት። ከፊታችን የተቀመጠች ሴት ዞር ብላ ሳቀች፤ «ኢንሻላህ ነው እቱ፣ በዚህ ጉም ደሴ ዛሬ የለም» አለችን።

እንዳለችውም ሆነ። አቀስታ ስንደርስ ጉሙ ወድቆ በረዶ ጣለ፤ መኪና ወደ ደሴ አይወጣም ተባለ። ሴትዮዋ ዘይነባ ነው ስሟ። መናኸሪያው ውስጥ ቆመን ስንንቀጠቀጥ ተመልሳ መጣች። «ምን ትጠብቃላችሁ? ቤት አለ አይደል?» ብላ ከረጢቴን ቀማችኝ።

ቤቷ ገባን። እሳት አቀጣጠለች። «የሚበላ ላምጣ» አለች።

«በልተናል» አልኩ።

«የት በላችሁ? አብረን አይደል የመጣን?»

«ጥግብ ብለን በልተናል፣ አትድከሚ።»

«ወላሂ ትዋሻለሽ! ከንፈርሽ ኩበት መስሏል። ጾም ላይ ናችሁ፣ ዘጠኝ ሰዓትም አልፏል።»

«በልተናል ስልሽ...»

«በሞቴ!»

ሦስት ጊዜ በልተናል ከተባለና በሞቴ ከመጣ እንግዲህ ይበላል፤ ደንቡ ይኸው ነው። ያስደነቀኝ ግን ሌላ ነው። ዘይነባ የራሷን ድስት አልጣደችም። ወጣ ብላ ከጎረቤቷ፣ ከአንዲት የቄስ ሚስት ቤት፣ ድስትና ጭልፋ ተውሳ መጣች። «የእኔ ዕቃ ቅቤ ነክቶታል። ይኼ የጾም ነው» አለችኝ። አልጠየቅኳትም። ሽሮውን በዚያ ሠርታ ድንች ቀቅላ አቀረበች። እኔ የቤተ ክርስቲያን ጥግ ይዤ ፍልሰታን ዐርባ ዓመት ጾሜያለሁ፤ ጾሜን እንደዚህች እስላም ሴት የጠበቀልኝ ግን የለም።

ረቡዕ

ጠዋት ዘይነባ እስከ መናኸሪያ ሸኘችን። ስንለያይ ሦስት ጊዜ ተሳሳምን። መኪናው እስኪሞላ ቆመን ሳለ ሰናይት፦

«እምዬ፣ ትናንት በጾም ዋሸሽ» አለችኝ።

«እኔ?»

«ሳንበላ በልተናል አልሽ። ሦስት ጊዜ።»

«ያ ውሸት ነው እንዴ? ይሉኝታ ነው! በሰው ደጅ ቆሞ አልበላሁም ማለት ልመና ነው። እናትሽን እንዲህ አሳደግኋት፤ አንቺንም እንዲሁ።»

«በአማርኛ እሺ ይሁን። በዚያኛው ቋንቋ ግን ‹ች› ብዬ ‹ለ› ካሰርኩበት አለቀ ማለት ነው። ያላለቀውን አልቋል ብል ምን ይባላል?»

ከአቀስታ እስከ ጉጉፍቱ ያልኳቸውን በልተናሎች በጣቴ ስቆጥር ሄድኩ። ለካ ስንት ጊዜ ያላለቀ ስፌት ቋጥሬያለሁ! ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር ብቅ ስትል እንዲህ አልኳት፦ «ልጄ፣ ትክክል ነሽ። ከዛሬ እስከ ፍልሰታ ፍቺ ያልሆነውን ሆነ አልልም። አንቺም አትይ። ቃል ግቢልኝ።»

ቃል ገባችልኝ። ያ ቃል በማግስቱ የት እንደሚያገኘን ባውቅ ኖሮ እንጃ፣ አስገባት ነበር ወይ?

ከደሴ በሐረጎ ወረድን። ቁልቁለቱ መዞሪያ በመዞሪያ ነው፤ ጆሮዬ ጢው አለ፤ ጋቢዬን አወለቅሁ፣ ነጠላዬንም ላወልቅ ምንም አልቀረኝ። ለጋምቦ በረዶ ባየንበት በማግስቱ ኮምቦልቻ ላብ! አንድ አገር ይሁን እንጂ ሁለት ዓለም ነው። ግሸን ላይ የማውቃቸው አንዲት መነኩሲት ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ጓዳ አላቸው፤ ማታ ከሳቸው ጋር ቀምሰን እዚያው አደርን።

ሐሙስ

ኪዳን አድርሰን ወደ ቻይኖቹ ካምፕ ሄድን። ልጆች ተሰልፈዋል፤ አብዛኛዎቹ የከተማ ናቸው፣ ጫማቸው የሚያበራ። ሰናይት ጫማ ላይ የወግዲ ጭቃ ገና አለ። አንዲቷ የደብተሯን የተቃጠለ ጠርዝ አይታ «ከእሳት ነው ያዳንሽው?» አለቻት። «ከውኃ» አለች ሰናይት። ዘወር ብዬ ሳቅሁ።

ስም እየተጠራ ይገባል። የእኛ ከመጨረሻዎቹ ዘንድ ነበር፤ ስምንት ሰዓት ሆነ። ክፍሉ በሩ ክፍት ነው፣ እኔ ደጁ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጫለሁ። ከውስጥ አንድ ጠጉሩ የሸበተ ቻይና ተቀምጧል። ሊን ይሉታል፤ እኔ በሆዴ አያ ሊን አልኩት፣ ሽማግሌ በባዶ ስሙ አይጠራም። አጠገቡ የአገራችን ሰው አስተርጓሚ አለ።

የሚገባውን ልጅ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነው። «ችለ ማ?» ይላል። በላህ ወይ? ገባኝ እኮ! እኔ የወግዲዋ ሴት የቻይና ጥያቄ ገባኝ! ልጆቹም ሳያመነቱ «ችለ!» ይሉና ወደ ሌላው ያልፋሉ።

ሰናይት ገባች።

«ችለ ማ?» አላት።

ከትናንት ማታ ወዲህ እህል አልቀመስንም፤ ጾም ነው። «ችለ» ብትል ማን ያውቅባታል? አንዲት ቃል ናት፣ እሷንም አሳምራ ታውቃታለች። አልበላሁም የሚባልበት ገጽ ደግሞ የታጠበው ነው። ዞር ብላ በበሩ በኩል አየችኝ። እኔ ነኝ ያሳደግኋት፣ በሰው ደጅ አልበላሁም አትበዪ ብዬ። እኔው ነኝ ትናንት ቃል ያስገባኋት። ሁለቱም የእኔ ናቸው፤ ልጅቷ መሐላቸው ቆማለች፣ ከኋላዋ ደግሞ ፓስፖርቱ አለ። ምን ላድርግ? ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቀስኩ። መይ።

«መይ ች» አለች። ከዚያ ወደ እኔ እየጠቆመች ሌላም ጨመረች፤ አያቴም አልበላችም ማለቷ ነው።

አያ ሊን እስክሪብቶውን አስቀመጠ። አስተርጓሚው ሳቁን መያዝ አቃተው። «እማማ፣ እንዴ! ምግብ እኮ አልጠየቃትም። የእነሱ ሽማግሎች ሰው ሲያገኙ እንዲህ ነው የሚሉት፤ እንደምን ዋልሽ ማለቱ ነው። በላሁ ብሎ ማለፍ ነበር።»

እንደምን ዋላችሁ ቢባል፣ ኧረ አልዋልንም ብሎ ከሰው ቤት የሚቀመጥ ምን ዓይነት እንግዳ ነው? ልጅቷን በገዛ አፌ ጣልኳት አልኩ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ።

አያ ሊን ግን አልሳቀም። ለምን አልበላችሁም አላት መሰለኝ፤ ሰናይት የጾምን ቃል አታውቀውም። ጣቷን ወደ ግድግዳው ሰዓት ቀስራ እንዲህ አለችው፦ በእናንተ ሦስት ሰዓት ዳው ለ፣ ች። ዘጠኝ ሰዓት ደርሶ እንበላለን። ያቺ በለጋምቦ መንገድ ያስገረመችኝ፣ ያልመጣውን የምትቋጥረው ቋጠሮ! አስተርጓሚው ሳቁን አቆመ።

ሽማግሌው ሰዓቱን አየ፤ ለዘጠኝ ብዙ ይቀረዋል። ተነሥቶ በር ድረስ መጣ፣ እጄን ይዞ አስገባኝ፣ ወንበር ሰጠኝ። ከጠረጴዛው ሥር አንድ የቆርቆሮ ሣህን አወጣ፤ ውስጡ በእንፋሎት የበሰለ ነጭ ዳቦ አለ። «ዱቄትና ውኃ ብቻ ነው እማማ፣ ይጾምበታል» አለ አስተርጓሚው። አያ ሊን ሣህኑን መካከላችን አስቀመጠና ከደነው። ደረቱን በጣቱ ነካ። «ዎ የ መይ ች» አለ።

ማንም ሳይተረጉምልኝ ሰማሁት። እኔም አልበላሁም። ቋጠሮ የለበትም።

እንዲህ ሆነን ዘጠኝ ሰዓትን ጠበቅን። ዝም ብሎ መጠበቅ አይሆን፣ በመንገድ ምን አደረጋችሁ ብሎ ጠየቃት። ሰናይት ጀመረች። ከቤት ወጣን፤ መኪናው ሰመጠ፤ ደብተሩ ወደቀ፤ ሰውየው ወረቀቱን ተኮሰ። ቃል ሲጠፋት በእጇ ካውያ ትገፋለች። አያ ሊን ደብተሩን ተቀብሎ የጠቆረውን ጠርዝ አሸተተና እስኪያስለው ሳቀ። እኔ «ለ»ዎቹን እንደ መቁጠሪያ እየቆጠርኩ ነበር። ወጣን ለ። ሰመጠ ለ። ወደቀ ለ። ሁሉም የሆነ፣ ሁሉም ያለቀ፣ አንዲት የውሸት ቋጠሮ የለበትም። መሪጌታው በሕይወት ኖሮ ይህን ግስ በሰማ አልኩ።

ሰዓቱ ሲደርስ ራሱ ነው ያሳየን። ክዳኑን ከፈተ። እኔም በሶዬን አወጣሁ፣ በውኃ በጥብጬ በኩባያ ሰጠሁት። ጠጣው። ዓይኑን ጨፈነ፤ ከዚያ ኩባያውን መልሶ ዘረጋልኝ። ጨመርኩለት። ዳቦው ነጭ ነው፣ ለስላሳ ነው፤ ከድፏችን ጋር ግን አይወዳደርም፤ ጨው የለውም። ይህን አልነገርኩትም። አልዋሸሁምም፤ አልተጠየቅሁማ።

ዓርብና ከዚያ ወዲያ

ዓርብ ጠዋት ያለፉት ልጆች ዝርዝር በሩ ላይ ተለጠፈ። ሰናይት አላነብም ብላ ዓይኗን ሸፈነች፤ ያነበብኩት እኔ ነኝ፣ በጣቴ እየሄድኩ፣ ከላይ እስከ ታች። ከመጨረሻው ሁለተኛ ነበረች። ለአበቡ ደወልንላት። «ፓስፖርቱን ሣጥን ውስጥ ከተትኩት» አለች። ሌላ አላለችም፤ እኔም ሌላ አልፈለግሁም።

መመለሻዬ ብቻዬን ነበር። ዘይነባ ቤት ገባሁ። «በልተሻል?» አለችኝ። «አልበላሁም» አልኳት። ደንግጣ አየችኝና «አሞሻል እንዴ?» አለች። ፍልሰታ እስኪፈታ ቃሌን ጠበቅሁ። ከፍቺው ወዲያ ግን ምን ልዋሻችሁ፣ ወደ በልተናሌ ተመለስኩ፤ አርጅቻለሁ።

ሰናይት አሁን አስተርጓሚ ናት፤ መንገድ በሚሠራበት ትዞራለች። እግሯ የእኔ ነው። ከስንት ዓመት በኋላ ባለፈው ለቡሄ መጥታ ሳለ፣ አያ ሊን ጡረታ ወጥቶ አገሩ እንደገባ አጫወተችኝ። ሲሸኙት የካምፑ ወጥ ሠሪ ያን ቀን አንሥቶ ነገራት። ካምፑ ውስጥ ምሳ በስድስት ሰዓት ደወል ይደወላል፤ ሁሉም አንድ ላይ ተቀምጦ ይበላል፤ ያን ሐሙስም አያ ሊን ከነሱ ጋር ቁጭ ብሎ፣ ሩዙንም ሥጋውንም አንድ ሳያስቀር በልቶ ነበር። ዳቦው ለራቱ ያስቀመጠው ነው።

በልቶ ነበር። ጠግቦ ሳለ ነው በሶዬን ሁለት ጊዜ ያስቀዳኝ።